ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፦ የሐኪሙ ድምፅ በአፍሪካ አዳራሽ

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሰሜን የሚያቀናው መንገድ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያደርሳል፤ በልደታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወስደው ድሮ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ይባል ወደነበረው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ይዘልቃል፤ በለገሃር አልፎ ወደ ካዛንቺስ የሚወጣው በአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ ያልፋል፤ ከአደባባዩ ጥቂት ዝቅ ሲባል ደግሞ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት የቆመበት፣ ቀድሞ ግን ከርቸሌ እየተባለ የሚጠራው የአዲስ አበባ ማዕከላዊ ወህኒ ቤት የነበረበት ቦታ ይገኛል። የፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የሥራና የትግል ዘመን በአመዛኙ ያለፈው በእነዚህ አራት ቦታዎች መካከል ነው። በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሐኪም ሆነው ጀመሩ፤ በጥቁር አንበሳ አስተማሩ፤ በአዳራሹ ብቻቸውን ቆመው ተቃወሙ፤ በወህኒ ቤቱም ጤናቸው እስኪናጋ ድረስ ታሰሩ። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ፋሽስት ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ያካሄደችውን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ለሆነችው ለሜክሲኮ መታሰቢያ እንዲሆን ነው፤ ያ ወረራ ደግሞ የአሥራትን ቤተሰብ ገና በልጅነታቸው የበተነ ነበር።

አሥራት ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ አልታዬ በ1920 ዓ.ም. ሰኔ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ፤ በሕፃንነታቸውም ወደ ድሬዳዋ ተወስደው የልጅነት ዕድሜያቸውን በዚያ አሳለፉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የፋሽስቱ ሠራዊት በአዲስ አበባ ነዋሪ ላይ የሦስት ቀን ጭፍጨፋ አካሄደ። የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ሰው አልቋል ሲል ያስታወቀበት፣ በከተማውም የሰማዕታት ቀን እየተባለ በየዓመቱ የሚታሰበው ይኸው ዕልቂት ነው። የአሥራት አባት ከተገደሉት አንዱ ሆኑ፤ አያታቸው ቀኛዝማች ጽጌ ወረደወርቅም ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ተግዘው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ። ቦምቡ የተወረወረበት የገነተ ልዑል ግቢ ከጊዜ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ሆነ፤ አባቱን በዚያ ዕልቂት ያጣው ልጅም ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ ያንኑ ዩኒቨርሲቲ ወክሎ አገር በሚመክርበት ጉባኤ ላይ ተቀመጠ።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ አሥራት ወደ አዲስ አበባ መጥተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። መንግሥቱ በወረራው ዘመን ያለቀውን የተማረ ሰው ለመተካት ይቸኩል ስለነበር ጎበዝ ተማሪዎችን እየመረጠ ወደ ውጭ ይልክ ነበር፤ አሥራትም ከተመረጡት አንዱ ሆነው ግብፅ ውስጥ እስክንድርያ ከተማ ወደሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተላኩ። ቪክቶሪያ ኮሌጅ በእንግሊዝ ሥርዓት የሚመራ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በኋላ የዮርዳኖስ ንጉሥ የሆኑት ሑሴንን የመሳሰሉ የመካከለኛው ምሥራቅ መሪዎች የተማሩበት ነው። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ። የኤዲንብራ የሕክምና ትምህርት ቤት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተቋቋመና በብዙ አገሮች ለተከፈቱ ትምህርት ቤቶች አርአያ የሆነ ነው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኮንን እጅ አድገው፣ በሕንድና በስኮትላንድ ሕክምና ተምረው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ወደ ስኮትላንድ ያቀኑት ከአሥራት ብዙ አሥርት ዓመታት ቀድመው ነበር።

ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ውጭ አገር የሚያስቀር ዕድል እንደማያጡ ግልጽ ነበር፤ እርሳቸው ግን በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራቸው ተመልሰው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ሆስፒታሉ የተሰየመው ለንደን ውስጥ በነርስነት ሠልጥነው፣ ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት በለጋ ዕድሜያቸው ባረፉት የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም ሲሆን፣ ለማሠሪያውም የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በአገራቸው ገንዘብ አሰባስበውለታል። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ውስጥ የሚሠሩት ሐኪሞች በአብዛኛው የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ፤ አገር ውስጥ የሚሰጠው ከፍተኛው የጤና ትምህርትም በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የሚሠለጥኑት የጤና መኮንኖች ትምህርት ነበር። የጤና መኮንን ማለት በገጠር ጤና ጣቢያ በሽታ የሚከላከልና ቀላል ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ማለት ነው እንጂ ሆድ ከፍቶ የሚያክም ሐኪም አይደለም። አሥራት ጥቂት ዓመታት በጠቅላላ ሐኪምነት ከሠሩ በኋላ ወደ ኤዲንብራ ተመልሰው በቀዶ ሕክምና ልዩ ሥልጠና ወሰዱ፤ በከተማው የሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅም አባል አደረጋቸው። ይህ ማዕረግ ከባድ ፈተና ላለፈ ቀዶ ሐኪም ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ፣ አሥራት በዘመናዊው መንገድ ሠልጥነው ወደ አገራቸው የተመለሱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ተባሉ።

ይህ ቀዳሚነት ሲወራ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ከእርሱ የሚበልጠው ቀጥለው የሠሩት ሥራ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም አሥራት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ በኋላም በዲንነት መርተውታል። ፋኩልቲው ሐኪምን ውጭ ልኮ ከማስተማር ይልቅ እዚሁ በአገር በሽተኛ አልጋ ዳር ማሠልጠን ይቻላል የሚል ውሳኔ ነበር። የአልጋ ዳር ትምህርት የሚባለው ዘዴ አንድ ሰው ላይ ብቻ የሚያተኩር ነው፦ ተማሪው በሽተኛውን ጠይቆና ዳስሶ ያገኘውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ከየት አመጣኸው፣ በእጅህ ዳስሰህ ያገኘኸው ነው ወይስ ከመጽሐፍ ያነበብከው እያለ ያፋጥጠዋል፤ ተማሪው ያላየውን አይቻለሁ ካለ ስሕተቱ በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ይወድቃል። አሥራት ፕሮፌሰር ሆነው ለረጅም ዓመታት ተማሪ ያወጡት በዚህ ዘዴ ነው። በፖለቲካ ሕይወታቸው የታየው ግትርነት፣ ደጋፊዎቻቸው ጽናት ተቃዋሚዎቻቸው ደረቅነት የሚሉት ጠባይ፣ ብዙው ከዚህ የሙያ ልማድ የመጣ ይመስላል።

ሐኪሙ ከሥልጣን ጋር ፊት ለፊት የተጋጩትም ፖለቲካ ውስጥ ከመግባታቸው አስቀድሞ ነው። አሥራት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የግል ሐኪም ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ከወረዱ በኋላ በእስር ላይ ሳሉ የፕሮስቴት ሕመም ስለነበረባቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ፕሮስቴት በወንድ ፊኛ ሥር የሚገኝና በዕድሜ መግፋት የሚያብጥ ዕጢ ነው። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሞቱ ከዙፋን ያወረዳቸው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ የሞታቸውን ምክንያት ከዚሁ ሕክምና ጋር አያያዘው። ፕሮፌሰር አሥራት ግን ቀዶ ሕክምናው እንዲህ ያለ መዘዝ አላስከተለም ሲሉ የመንግሥቱን ቃል አስተባበሉ። የንጉሡ አፅም በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተቀብሮ ሲገኝና በደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ላይ ንጉሡ ታፍነው እንደተገደሉ ሲነገር፣ ሐኪሙ አስቀድሞ የተናገረው ቃል ክብደቱ ጎልቶ ወጣ። አሥራት በደርግ ዘመን አገር ጥለው አልወጡም፤ ብዙ ባልደረቦቻቸው በተሰደዱባቸው አሥራ ሰባት ዓመታት በማስተማርና በማከም ቀጠሉ።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግን ያሸነፈው የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባ ገባ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ የሰላምና የዴሞክራሲ የሽግግር ጉባኤ የተባለው ስብሰባ በአፍሪካ አዳራሽ ተካሄደ። አዳራሹ በኢጣሊያዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ፣ በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ሕንፃ ነው፤ መግቢያውን የሚያስጌጠው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለ ቀለም መስታወትም የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ሲሆን የአፍሪካን ነፃነት ያሳያል። ለአፍሪካ አንድነት በተሠራው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አቶ መለስ ዜናዊ የመሩት ጉባኤ የኢትዮጵያን መንግሥት በአዲስ መሠረት ለማቆም ተሰበሰበ። ከሃያ በላይ የፖለቲካ ድርጅቶች የተጠሩ ሲሆን አብዛኞቹ በብሔር ስም የተደራጁ ነበሩ፤ ኢሕአፓንና መኢሶንን የመሳሰሉት ኅብረ ብሔር ድርጅቶች ግን ከጉባኤው ውጭ ቀሩ። የኤርትራው ሕዝባዊ ግንባርም በኢሳይያስ አፈወርቂ መሪነት በታዛቢነት ተገኘ።

ፕሮፌሰር አሥራት በጉባኤው የተገኙት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው እንጂ የማንም ድርጅት መሪ ሆነው አልነበረም። ለውይይት የቀረበው ቻርተር፣ ማለትም ሕገ መንግሥት እስኪጸድቅ ድረስ አገሪቱ የምትተዳደርበት የሽግግር ሰነድ፣ በሁለተኛው አንቀጹ ለብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ራስን በራስ የመወሰን መብትን፣ መብቶቻቸው ተነፍገዋል ብለው ሲያምኑም እስከ ነፃነት የሚደርስ ውሳኔን የሚሰጥ ነበር። ራስን በራስ መወሰን ከተማሪዎች እንቅስቃሴ ዘመን ጀምሮ በኢትዮጵያ ግራ ክንፍ ዘንድ ሲያከራክር የኖረ አስተሳሰብ ሲሆን፣ በዚያ ሳምንት ግን ከክርክርነት አልፎ ሕግ ሊሆን ተቃረበ። አሥራት ያነሡት ተቃውሞ ሁለት ወገን ነበረው፦ አንደኛው፣ በሕዝብ ያልተመረጠ ጉባኤ አገርን ስለመክፈል የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ ሁለተኛው፣ የኤርትራም ሆነ የሌላው ክፍል ጉዳይ መላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ሳይጠየቅ ሊታለፍ አይገባም የሚል ነበር። ቻርተሩ ሲጸድቅ በመቃወም ብቻቸውን ቆሙ። ሰነዱ ሐምሌ 15 ቀን 1983 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ፤ 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ተቋቁሞ 32ቱን ኢሕአዴግ፣ 12ቱን የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) ያዙ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎች የሚያስቡትን ለመናገር ጊዜው አመቺ አልነበረም፤ ጦርነት ያሸነፈ ሠራዊት ከተማውን ይዞ ነበር፣ ሕዝቡም ከደርግ መገላገሉን እንጂ የቻርተሩን አንቀጽ አይቆጥርም ነበር። ስለዚህ የአሥራት ተቃውሞ ውጤት ባያመጣም፣ በወቅቱ ከነበረው ዝምታ አንጻር ሲታይ ትልቅ ድፍረት ነው። ተቃውሞው በጉባኤው ተሳታፊዎች ዘንድ ከአሮጌው ሥርዓት ናፍቆት የመነጨ ተደርጎ መታየቱም አልቀረም፤ ለዘመናት ቋንቋቸውና ባህላቸው ተንቆ ለኖረባቸው ወገኖች ያ አንቀጽ ዋስትና መስሎ ይታይ እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ሁለቱም ወገን እውነተኛ ሥጋት ነበረው። ይሁን እንጂ የአሥራት ጥያቄ፣ ይህን የሚወስነው ማነው የሚለው፣ በዚያ ጉባኤ መልስ አላገኘም።

በቀጣዮቹ ወራት በአርሲ አርባ ጉጉ፣ በሐረርጌ በደኖና በሌሎችም ቦታዎች አማሮች በማንነታቸው እየተለዩ ተገደሉ፣ ከቤታቸውም ተፈናቀሉ። ውክልና በብሔር በተደለደለበት ሥርዓት ውስጥ ለእነዚህ ሰዎች የሚጮህላቸው ድርጅት አልነበረም፤ ከኢሕአዴግ አባላት አንዱ የነበረውና በኋላ ብአዴን የተባለው ኢሕዴን በዚያን ጊዜ ራሱን ኅብረ ብሔር ድርጅት አድርጎ ያቀርብ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ጥር ወር የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት፣ በአጭሩ መአህድ፣ ተመሠረተ፤ ፕሮፌሰር አሥራትም በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ሊቀ መንበር ሆኑ። የሕይወታቸው ትልቁ ተቃርኖ እዚህ ላይ ነው፦ በብሔር መደራጀትን ተቃውመው ከአፍሪካ አዳራሽ የወጡ ሰው፣ ዓመት ሳይሞላ በብሔር ስም የተጠራ ድርጅት መሩ። እርሳቸውና ጓዶቻቸው መአህድን ለኢትዮጵያ አንድነት የቆመ፣ ስሙን ግን ከአደጋው የወሰደ አድርገው ያዩት ነበር። በተመሳሳይ ወቅት የጂኦግራፊው ምሁር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሌላ መንገድ መርጠው፣ አማራ የሚባል የተለየ ብሔር የለም እስከማለት ደርሰው፣ በ1984 ዓ.ም. መስከረም ወር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን፣ በአጭሩ ኢሰመጉን፣ መሠረቱ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሁለት ምሁራን ለአንድ አደጋ ሁለት መልስ ሰጡ፤ ኢሰመጉ የተገደለውን ሁሉ ሲመዘግብ፣ መአህድ የተገደለውን በስሙ ጠርቶ አደራጀው። ትክክለኛው መንገድ የትኛው እንደነበር ኢትዮጵያውያን እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ በወቅቱ የነበረው ሁኔታ ግን መአህድን ያለ አሥራት ድምፅ ለማሰብ አይፈቅድም።

መአህድ በከተሞችና በገጠር በፍጥነት ደጋፊ አገኘ። በ1985 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ደብረ ብርሃን ላይ በተካሄደው ሰላማዊ ሰልፍ ፕሮፌሰር አሥራት ንግግር አደረጉ፤ ይህ ንግግር በኋላ የክስ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብባቸዋል። በዚያው ወር 26ኛው ቀን የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔና የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊን ጉብኝት ተቃውመው ሲወጡ የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፍተው ሰው ሞተ፣ ብዙዎችም ቆሰሉ። መንግሥትም ቁጣውን ወደ ዩኒቨርሲቲው አዞረ፤ በ1985 ዓ.ም. ሚያዝያ አካባቢ 42 መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። አርባ ሁለቱ መምህራን እየተባሉ ከሚታወሱት መካከል አሥራትና በኋላ የመምህራን ማኅበር መሪ ሆነው የታሰሩት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ይገኙበታል። የሕክምና ፋኩልቲውን ከመሠረቱት አንዱ ከዚያ ፋኩልቲ በደብዳቤ ተሰናበቱ፤ አገሪቱ ቀዶ ሐኪም በጽኑ በምትቸገርበት ዘመን ይህን የመሰለ ኪሳራ ማንም ሊያካክሰው አይችልም ነበር። በዚያው ሰሞን ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ተገንጥላ ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ነፃነቷን አወጀች።

ክሱ በሦስት ረድፍ መጣ። የመጀመሪያው የመአህድ መሪዎች በድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ተሰብስበው የትጥቅ አመፅ መክረዋል የሚል ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ በ1986 ዓ.ም. ሰኔ ወር ፕሮፌሰሩን በሁለት ዓመት እስራት ቀጣቸው። ሁለተኛው በደብረ ብርሃኑ ንግግር የተመሠረተው ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በዚህ ምክንያት ሦስት ዓመት ተጨመረባቸው። ሦስተኛው ከትጥቅ አመፅ ጋር የተያያዘ ሌላ ክስ ሲሆን ችሎቱ እየተቀጠረ ተራዘመ። መንግሥት በአገሪቱ የፖለቲካ እስረኛ የለም፣ የታሰረው ሁሉ በወንጀል ነው ይል ነበር፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በበኩሉ አሥራትን የኅሊና እስረኛ ሲል ሰየማቸው፤ ይህም ኃይል ሳይጠቀም ወይም ሳይሰብክ በእምነቱና በአስተሳሰቡ ብቻ ለታሰረ ሰው የሚሰጥ ስያሜ ነው። የአሜሪካ የሳይንስ ማበልጸጊያ ማኅበርና ሌሎች የሙያ ማኅበራትም ስለ ሐኪሙ አቤቱታ አሰሙ።

የታሰሩት ከርቸሌ ነው። የወህኒ ቤቱ አንዱ ክፍል ዓለም በቃኝ ይባል የነበረ ሲሆን፣ ፋሽስቶች ከየካቲት 12 በኋላ ያፈሷቸውን ሰዎች ያሰሩበት፣ ከዚያም በየሥርዓቱ የተቃወመ ሰው ሲታጎርበት የኖረ ስፍራ ነው። በዕድሜ የገፉትና የልብና የስኳር ሕመም ያለባቸው ፕሮፌሰር በዚያ ዓመታት ሲቆዩ ጤናቸው ክፉኛ ተጎዳ። በ1990 ዓ.ም. ሕመማቸው ሲጸና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተወስደው በጥበቃ ሥር መታከም ጀመሩ፤ ቀዶ ሐኪሞችን ባሠለጠኑበት ሆስፒታል እስረኛ በሽተኛ ሆነው መተኛታቸው ነበር። ሐኪሞቻቸው ወደ ውጭ አገር ሄደው መታከም እንደሚኖርባቸው ቢያሳስቡም ፈቃዱ ወዲያው አልመጣም፤ በዚያ የመዘግየት ጊዜ ያለፈው ጤና ኋላ ላይ አልተመለሰም።

በ1991 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ተለቀው ለሕክምና ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተወሰዱ፤ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ በሰባ ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ተቀበረ።

ድርጅቱ ከእርሳቸው በኋላ ፈተና ገጠመው፤ ብዙ ሰውን በአንድ ሰው ስም የሰበሰበ ድርጅት ያ ሰው ሲታሰርና ሲሞት መሰንጠቁ አይቀርም፤ አሥራትም እምቢ በማለት የበረቱትን ያህል አደረጃጀት በመዘርጋት የበረቱ አይመስሉም። መአህድ በኢንጂነር ኃይሉ ሻውል አመራር ስሙን ለውጦ የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት፣ መኢአድ፣ ሆነ፤ የብሔር ስሙን በመተው ወደ አሥራት የመጀመሪያ አቋም የተመለሰ ያስመስላል። መኢአድም ከሌሎች ጋር በ1997 ዓ.ም. ቅንጅትን መሥርቶ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ አሸነፈ፤ ይህ ሲሆን የኢኮኖሚ ምሁሩ ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ጨምሮ ሌሎች ምሁራን ፓርቲ እየመሩ ለእስር የተዳረጉበት ሌላ ዙር ተጀመረ።

ከርቸሌ ፈርሶ በቦታው በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ ተመረቀ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የጤና ሳይንስ ካምፓሱን በአሥራት ወልደየስ ስም ሰየመ፤ በዚያች ከተማ ያደረጉት ንግግር ሦስት ዓመት እስራት ያስፈረደባቸው ሐኪም ስማቸው ዛሬ በከተማይቱ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩበት ካምፓስ ስም ነው።